ሳህኑ አጠገብ ማን ይቆማል?

ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ወፍጮ ቤት አለኝ። ለሐበሾች ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ እፈጫለሁ፤ ለአገሬው ደግሞ ዱራ የሚሉትን ማሽላ። ሰፈሩ «ሀቦባ» ይለኛል፣ አያት ማለታቸው ነው። አያትነቴም የስም አይደለም፤ አዲስ አበባ ያለው ልጄ ወልዶልኛል። እዚሁ ያለችው ሴት ልጄ ግን ካገባች ዓመታት ቢያልፉም አልወለደችም ነበር። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው፣ ሰው ማመን ይቸግረዋል። እህል ይዛ የምትመጣ ሴት የቱንም ያህል ቢሞቅ ጥላ ፍለጋ አትሄድም። እህሏ ከተዘረገፈበት ጊዜ ጀምሮ ዱቄቱ ታስሮ እስኪሰጣት ድረስ ወፍጮው አፍ ላይ ቆማ ታያለች። ድንጋዩ ካንዱ ሰው እህል ትንሽ ያስቀራል፣ ያስቀረውን ለሚቀጥለው ይሰጣል። ከበርበሬ ቀጥሎ ጤፍ ያስገባ ሰው ማታ ልጆቹን ያስለቅሳል። በተለዋወጠ ጆንያ የተነሳ የዓመታት ጎረቤታሞች ሻሽ ለሻሽ ሲያያዙ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ደንበኞቼ ራሴ ላይ ቆመው ሲያፈጡብኝ አልቀየምም። መብታቸው ነው። «ሂጂ ተቀመጪ፣ ሲያልቅ እጠራሻለሁ» የሚል ወፍጮኛ ቢያጋጥመኝ እኔም እህሌን ተሸክሜ እወጣለሁ።

እንግዲህ ልጄ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የነገረችኝን ነገር በዚህ ዓይን ነው የሰማሁት።

«እማዬ፣ አይ ቪ ኤፍ ልናደርግ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንቁላሌን አውጥተው ከባሌ ዘር ጋር ውጭ ያገናኙታል። ከያዘ በኋላ ወደ ማህፀኔ ይመልሱታል።»

«ውጭ የት?»

«ሳህን ላይ።»

«ምን ዓይነት ሳህን?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ! ትንሽዬ የላስቲክ ሳህን ናት አሉ።»

«ክዳን አላት?»

ልጄ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። «አንቺ እዚያው ቆመሽ ታያለሽ?» አልኳት።

«አላይም። እኔ ተኝቼ ነው የምሆነው። ላብራቶሪው ውስጥ ማንም አይገባም።»

ነገሩ ያን ጊዜውኑ አልጣመኝም። ከዚያ በፊት ግን ሌላ የምጠይቀው ነበረኝ። «እሱስ ተመርምሯል?» አልኳት። «አልተመረመረም» አለች።

አማቼ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው። በስደት ጋምቤላ አድጎ አዲስ አበባ ተምሯል፤ አማርኛው ከኔ ይሻላል። አሁን አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ዓመት ሥር የጠጣችው ልጄ ናት፣ ሆዷን የታሸችው ልጄ ናት፣ ጠበል የተረጨችው ልጄ ናት። እናቱ ከወንዙ ማዶ፣ ከሸሪካት ሰፈር ድልድዩን ተሻግራ የምታመጣውን መራራ ነገር ሁሉ የምትጨልጠውም እሷው ናት። እሱን «አንተስ?» ያለው ሰው የለም። ይህ ፍርድ አይደለም። ሽሮ ሊወስድ ሲመጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

«አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ አንተ ትመረመራለህ።»

«እማማ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ይታወቀኛል።»

«ወፍጮዬም ደህና ነኝ ሲል ውሎ ነው ትናንት ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ የተበጠሰው።»

ሳቀ፣ ሊመረመርም ሄደ። ውጤቱ ሲመጣ ምንም ችግር የለበትም። እውነቱን ለመናገር ችግሩ በሱ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም ውጤቱን የሰጠው ሰው ዘመዱ እንዳይሆን ብዬ አጣርቻለሁ። ዘመዱ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስታችንም አብረን ገባን። ሐኪሟ ሐበሻ ናት፣ የኔን የመጨረሻ ልጅ የምታክል። የልጄ የማህፀን ቱቦዎች ሁለቱም ተዘግተዋል አለችን። እንቁላሉና ዘሩ የሚገናኙት እዚያ ቱቦ ውስጥ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም ደህና ሆነው ሳይተያዩ ይቀራሉ። ምናልባት ሳታውቀው የቆየ ኢንፌክሽን ይሆናል፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም አለች። ልጄ እጆቿን ጭኖቿ መሀል ከታ ነበር የምትሰማው። ሥር እድሜ ልክ ቢጠጣ የማይከፈት ነገር ነው።

«እሺ፣ ሳህኑ ላይ ምን እንደምታደርጉ ንገሪኝ» አልኳት። «ምንም ሳታስቀሪ።»

ልጅቷ አልተቀየመችም። በተፈጥሮ በየወሩ የሚበስለው አንድ እንቁላል ነው፤ በመርፌ ብዙ እንዲበስሉ እናደርጋለን አለች። ሲደርሱ በቀጭን መርፌ ይቀዳሉ። ከባልየው የተወሰደው ዘር ይታጠባል፣ ጠንካራው ይለያል፣ ከዚያ ከእንቁላሎቹ ጋር አንድ ሳህን ውስጥ ይደረጋል። ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ በሆነ ሣጥን ውስጥ ያድራሉ። ማንም አይነካቸውም፤ ዘሩ ራሱ ሄዶ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ የትኛው እንደያዘ ይታያል። የያዘው ጥቂት ቀን ካደገ በኋላ አንዱን ወደ ማህፀን እንመልሳለን።

«መደበኛው አይ ቪ ኤፍ ይህ ነው» አለች። «ሌላም ዓይነት አለ። በዚያኛው አንድ ዘር ተመርጦ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ይገባል።»

«ያኛው ለኛ ለምን ቀረ? ደህና ደህናውን ለማን ነው የምታስቀምጡት?»

«እማማ፣ ያኛው በብዛት የባልየው ዘር ሲደክም ነው የሚያስፈልገው። የአማችዎ ዘር ብዙም ነው፣ ፈጣንም ነው። እንቁላሉን ራሱ ያገኘዋል።»

አማቼ ወለሉን እያየ ነበር፤ ደረቱ ግን ሲነፋ አየሁት።

«ሳህኑ ላይ ከኛ በፊት የማን ነበረበት?» አልኳት።

«የማንም። አዲስ ነው፣ ከአንድ ጊዜ በኋላ ይጣላል።»

«ከኛ ጎን የሚቀመጠውስ የማን ነው?»

«እያንዳንዱ ላይ ስም ይጻፍበታል። ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲዛወር ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን እያየ ያረጋግጣል። ልጅዎም በየደረጃው ስሟን እንድትናገር ትጠየቃለች።»

«ሁለቱ ሰዎች ዘመዳሞች ናቸው?»

«እማዬ!» አለች ልጄ።

«ዝም በይ። ካንድ ቤት የወጡ ሁለት ሰዎች እንዳንድ ሰው ናቸው።»

ሐኪሟ እየሳቀች ዘመዳሞች መሆን እንደሌለባቸው፣ እንደምትጠይቅልኝም ነገረችኝ። እንቁላል የሚቀዳውና ሳህኑ ያለው ካምፓላ ነው፤ እሷ ጁባ ሆና መርፌውንና አልትራሳውንዱን ነው የምትከታተለው። ይህም አዲስ ጥርጣሬ ሆነብኝ። ወፍጮው ሌላ አገር ነው ማለት ነው።

«ይሳካል?» አልኳት በመጨረሻ።

«ላይሳካ ይችላል። እንቁላሉ ዘሩን የማይቀበልበት ጊዜ አለ። ተቀብሎም አላድግ የሚል አለ፣ አድጎም ማህፀን ውስጥ ሳይጸና የሚቀር አለ። ብዙ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ይሞክራል። ዋስትና መስጠት አልችልም።»

ከሁሉ ንግግሯ ትንሽ ልቤን ያሳረፈው ይህ ነው። እርግጠኛ ነኝ ብትለኝ ኖሮ የልጄን እጅ ይዤ እወጣ ነበር።

መርፌው ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የልጄ ቤት መብራት አይታመንም፤ እኔ ደግሞ ለስላሳና ውሃ የምሸጥበት ትንሽ ፍሪጅ ወፍጮ ቤቴ ውስጥ አለችኝ፣ ሶላርም ጄኔሬተርም አላት። ስለዚህ መርፌው እኔ ጋ ተቀመጠ። ልጄ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፣ ከመጋረጃው ኋላ ሆዷ ላይ ራሷ ትወጋለች፣ እኔ መጋረጃውን እይዛለሁ። ለሸሪካት ሰዎች እንዳይነገር ያልኩት እኔ ነኝ። «ከሳህን የወጣ ልጅ የኛ አይደለም ይላሉ» ብዬ ነው። ልጄም አማቼም ተስማሙ።

የአማቼ እናት ረጅም ሴት ናት፤ የወፍጮ ቤቴን በር ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። አማርኛ የተማረችው ጋምቤላ በስደት ስለሆነ ለሁሉም ሰው «አንቺ» እና «አንተ» ነው የምትለው፣ ለቄስም ጭምር። እኔ ስንተዋወቅ «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ዋጋ እንደሌለው ሳይ ተውኩት። ዱራዋን ሁልጊዜ እኔ ጋ ታስፈጫለች፣ ሁልጊዜም አፉ ላይ ቆማ ታያለች። ዘመድ ነኝ ብላ ዓይኗን አንስታ አታውቅም። ይህን ነገሯን እወድላት ነበር።

የዚያን ቀን ሙቀቱ ከባድ ነበር። ዱራዋ ወርዶ ዱቄቱ ሊያልቅ ሲል «ሞያ አለሽ?» አለችኝ፣ ውሃ ማለቷ ነው። «ፍሪጅ ውስጥ» አልኳት ሳላስብ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ፍሪጁን ከፍታ ቀርታለች። ስትዞር እጇ ላይ የመርፌው ካርቶን ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው። መልሺው።»

«የማን?»

ካርቶኑን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«የልጅሽ ስም አለበት። ማንበብ አትችልም ብለሽ ነው? ልጆቼ ካምፕ ውስጥ ሲማሩ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ተምሬያለሁ።» ድምጿ ከወፍጮው በላይ ሄደ። «ይሄን መርፌ አውቀዋለሁ! ሴቶች እንዳይወልዱ የሚወጉት ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ሥር እየቆፈርኩ አመጣለሁ፣ አንቺ ከኋላ ትዘጊያለሽ! ልጅሽን ሰጥተሽን ሆዷን አስቀረሽ!»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ጆንያቸውን ረስተው ያዩናል። አማርኛ የማይሰሙት የሚሰሙትን ይጠይቃሉ።

«አፍሽን ያዢ! የማታውቂውን አትናገሪ!»

«እንዳላውቅ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ! እዚህ ዱራዬ ላይ ቆሜ ሳይ ደስ ይልሻል። የልጄ ልጅ ላይ ግን በር ዘጋሽብኝ!»

ሄጄ ወፍጮውን አጠፋሁት። ወፍጮ ሲጠፋ የሚመጣው ጸጥታ ጆሮ ይደፍናል። የተናገረችው ትክክል ነበር፤ ፍርድ ሲሆን ደግሞ የሚናገረው ሰው ማን ነው ብዬ አልመርጥም። ስልኬን አንስቼ ልጄንና ባሏን «አሁኑኑ ኑ» አልኳቸው።

አማቼ ጆንያ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ በቋንቋቸው ነገራት። እኔ ቃሉን ስለማልሰማ ፊቷን አይ ነበር። ልጄ ሸሚዟን ገለጥ አድርጋ መርፌው ያጠቆረውን ሆዷን አሳየቻት። ያኔ ሴትዮዋ እጇን አንስታ በጣቷ ጫፍ ነካችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ከሳህን የወጣ ልጅ የኛ አይደለም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሳህኑ አጠገብ ማን ይቆማል?» አለችኝ።

የራሴን ጥያቄ ነበር የጠየቀችኝ። «ሁለት ሰዎች» አልኳት። «ዘመዳሞች አይደሉም። ጠይቄያለሁ።»

«ከኛስ በሩ ላይ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ። አብሬያት እሄዳለሁ።»

«አንቺ የሷ እናት ነሽ። ከሱ ወገን ማን አየ?»

ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። በቋጠርነው ገንዘብ ከጥንዶቹ ሌላ መሄድ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሳስበው ግን፣ ቢሳካ የአማቼ አጎቶች ሐበሻዋ ከየትም አመጣችው ይላሉ፤ ባይሳካ ደግሞ ሌላ ሚስት ይዘው ይመጣሉ። ይህን ወሬ ቀድሜ ሰምቼው ነበር። የኔ ምስክርነት ሸሪካት ላይ አይቆምም። የልጄ ትዳር በኔ አፍ አይድንም።

«አንቺ ሂጂ» አልኳት።

አምኛት ነው ያልኩት ብል እዋሻለሁ። ሊሄዱ ሲሉ ልጄን ለብቻዋ ጠርቼ «ከእጇ ሻይ እንኳ እንዳትጠጪ» አልኳት። ሥር ብትጨምርበትስ? ሐኪሟም ለሁላችንም ካዘዝኩት በቀር ምንም አይወሰድም ብላ ነበር፤ ስትናገር ግን የአማቼን እናት ብቻ ሳይሆን እኔንም ነበር የምታየው።

ከካምፓላ የምትደውልልኝ የአማቼ እናት ሆነች። «አላስገቡኝም» አለችኝ። «ወንበር በሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዘበኛው ተነሺ አለኝ፣ አልተነሳሁም። ልጅሽን ስሟን ሲጠይቋት እሷም ተናገረች፣ እኔም ከኋላ ተናገርኩ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ግን ይስሙ።»

ከተቀዱት እንቁላሎች ዘሩን ያልተቀበሉ ነበሩ። ከተቀበሉትም መሀል እድገታቸው የቆመ ነበሩ። በመጨረሻ ሁለት ደህና ፅንሶች ተገኙ። አንዱ ወደ ልጄ ማህፀን ተመለሰ፣ አንዱ በቅዝቃዜ እንዲቆይ ተደረገ። ለአማቼ እናት ፅንሷን ስክሪን ላይ አሳይተዋት ኖሮ «ክብ ነች፤ በዓይን አትታይም፣ ከዱቄትሽ ትደቅቃለች» አለችኝ። የዚያን ቀን ሥራ ላይ እጄ ላይ የቀረውን ዱቄት ሳራግፍ ቆም እያልኩ አይ ነበር።

ተመልሰው መጡ፣ ጠበቅን፣ ደሟ ተመረመረ። አልጸናም።

ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔ ደግሞ የምጠረጥረው አጣሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም ጠረጠርኩ። አውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን ደረጃ፣ ሸሪካትን፣ ሐኪሟን። ሐኪሟ ጋ ሄጄ «ማን ምን አጠፋ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማንም ምንም አላጠፋም፣ እማማ። አንዳንዱ ፅንስ አይጸናም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን እኛም አናውቀውም» አለችኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም ላይ መጮህ ያስቸግራል።

ልጄ ከተኛችበት ሳትዞር «እንደገና እሄዳለሁ» አለችኝ። «ግን እኔ ስል ነው። እናንተ ስትሉ አይደለም።»

«እሺ» አልኳት።

አጎቶቹ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሸሪካት ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት ሌላ ሚስት ሊያጩለት መሆኑን አማቼ ራሱ ነገረኝ። አልተጠራሁም፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ድልድዩን ተሻገርኩ። ግቢው ውስጥ ከተጣለው ዳስ ስር፣ ከልጄ ጎን የላስቲክ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። የምናገረውን ከካቶር ጀምሬ ስደረድር ነበር የመጣሁት። ታላቁ አጎት ሲናገር አማቼ በጆሮዬ ይተረጉምልኝ ነበር፤ ስለ አንዲት የገጠር ልጅ፣ ስለ ቤተሰቧ መልካምነት። ልጄ ቀና ብላ ነበር የምትሰማው፤ እጇ ግን እጄን ጨምቆ ይዞ ነበር። አፌን ልከፍት ስል የአማቼ እናት ተነሳች። ስትነሳ ዳሱ ያጠረ መሰለ።

«ምን ትላለች?» አልኩት።

«እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር ትላለች» አለ አማቼ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ስትወጋ አይቻለሁ፣ ስትደክም አይቻለሁ፣ ከሚስቱ በኩል የጎደለ ነገር የለም ትላለች። ያልቆማችሁበትን አትናገሩ ትላለች።»

ከዚያ ሳይተረጎምልኝ የገባኝን ቃል በአረብኛ ጨመረች፤ «ከላስ!» አለች። በቃ ማለት ነው። ተመልሳ ተቀመጠች።

አጎቶቹ ለጊዜው ሻያቸውን ጠጡ። ስለ ገጠሯ ልጅ መልሶ ያነሳ አልነበረም። ቆይቶ ትንሹ አጎት ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ዳሱ ስር ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና።

«ቀዝቅዛ ያለችው ሁለተኛዋስ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ትሆናለች ይላል» አለኝ አማቼ።

ጁባ የሚኖር ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ የሚጠይቅ ሰው እኔ ነኝ ብለው መሰለኝ። አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ ብዬ ተናደድኩ።

በማግስቱ ወፍጮውን ሳልከፍት ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። «ነዳጅ ቢያልቅባቸውስ?»

«በመብራት አይደለም፣ እማማ። እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የተሞላበት ትልቅ ዕቃ ነው፤ እንደ ፔርሙዝ ይቁጠሩት። መብራት ቢጠፋም ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፈሳሹ ሲቀንስ ግን ይጨመርበታል።»

«ማን ነው የሚጨምረው?»

«ሠራተኛ አለ።»

«ሠራተኛው መጨመሩን ማን ያያል?»

ልጅቷ ጉንጯን በእጇ ደግፋ አየችኝ። «ሲሄዱ ራስዎ ይጠይቋቸዋል» አለችኝ።

እሄዳለሁ። ልጄ ቀኑን ራሷ ቆርጣለች። በዚህኛው ጉዞ አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ፤ የአማቼ እናትም ተራ ተራ ነው ብላ ተስማምታለች። ለወንበሩ ትራስ ያዢ፣ ዘበኛው ሲቆጣ ዝም በዪው፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ውሃ ያመጣልሻል ብላ መክራኛለች። እኔ እስክመለስ ወፍጮውን የምትይዘው እሷ ናት። ትናንት ቁልፉን ስሰጣት ከበርበሬ ቀጥሎ የማንንም ጤፍ እንዳታስገባ፣ ፆም የያዘ ሰው እህል ከምን ቀጥሎ እንደሚገባ፣ ጆንያ ሳይታሰር ከዓይኗ እንዳይርቅ ነገርኳት። ደግሜም ነገርኳት።

«እኔንም ትጠረጥሪኛለሽ?» አለችኝ።

«አንቺንም» አልኳት።

ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ወፍጮውን አስነሳችው። እኔም ካጠገቧ ሳልርቅ፣ የመጀመሪያው ጆንያ እስኪሞላ ድረስ አፉ ላይ ቆሜ አየሁ።